ቃል የሌላቸው ርካሽ ሸክላዎች

መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። «እትዬ አስካለ፣ ክላሲካል ልሰበስብ ነው፤ ርካሽ ሆኖ ደህና የሚባለው የትኛው ነው?» ይሉኛል። ሥራ ካቆምኩ ስንት ጊዜዬ! ነፋስ ስልክ የነበረው የካሴት ሱቃችን ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል፤ ባለፈው በዚያ ሳልፍ ግድግዳው ሮዝ ተቀብቶ አላወቅኩትም ነበር። የድሮ ደንበኞች ግን አልረሱኝም። ልጆቻቸው ደግሞ አሁን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የሸክላ ማጫወቻ እየገዙ እንደገና ጀምረውታል አሉ። ለእያንዳንዱ ፀሐይ ላይ ቆሜ ከማስረዳ፣ ጉልበቴም አልቻለምና፣ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ፤ ሳወራም እንዲሁ ነኝ።

እንግዲህ ርካሽ ስል የማወራው ስማቸው ስለማይታወቅ ተጫዋቾች ነው። አንዱን ሙዚቃ ዓለም ያወቀው ኦርኬስትራ ይጫወተዋል። ያንኑ ሙዚቃ ደግሞ ሰምታችሁት በማታውቁት ከተማ ያሉ ሰዎች ይጫወቱታል፤ ልባሱ ስስ ወረቀት፣ ቀለሙ የደበዘዘ። ልዩነቱ ሁልጊዜ እንደ ዋጋው አይደለም። ብዙ ሕዝብ የሚጫወትበትን፣ መዘምራን የሚጮኹበትን ግን በርካሹ አትግዙ፤ ያ ሁሉ ድምፅ ይደበላለቅና የገበያ ጫጫታ ይመስላል። ፒያኖ ብቻውን ከሆነ፣ ወይም አራት ሰዎች ብቻ ቫዮሊንና ቼሎ ይዘው እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ከሆነ፣ ሳታመነቱ ርካሹን ውሰዱ። ጥቂት ሰው ሲጫወት ርካሽ ማሽንም አይጨንቀውም። አንድ ገጽ ላይ ብዙ ሙዚቃ ያጨቁበትንም ተጠንቀቁ፤ መስመሩ ይቀጥንና ድምፁ ይኮሰምናል። ልባሱ ላይ ዱላ የያዘ ፀጉረ ነጭ ሰውዬ ፎቶ ካለ ደግሞ የምትከፍሉት ለፎቶው ነው።

በኋላ ሀና ማርያም አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተን ሱቁን ባዛወርን ጊዜ ሲዲ መጣ። ያኔም ምክሬ ይኸው ነበር። ሲዲ አይጫርም ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ውሸታቸውን ነው፣ ይጫራል። ብቻ ሲጫር አያስጠነቅቅም፤ ሸክላ አስቀድማ ታቃስታለች፣ እሱ ግን ድንገት ተሰናክሎ አንዱን ቦታ ይደጋግማል። የመጀመሪያ ጊዜ እንደዚያ ሲያደርግ የሆነ ነገር ሊፈነዳ መስሎኝ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

ይኼ ፍርሃቴ ነው እንግዲህ ሥራ ያስቀጠረኝ። ከመጀመሪያው ልነሳ።

ሥራ የጀመርኩት በጽዳት ነው። እዚያው ነፋስ ስልክ፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሊተክሉ ከሶሻሊስት አገር የመጡ አንድ ባለሙያ ነበሩ፤ ቤታቸውን አጸዳ ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ የሸክላ መደርደሪያ አለ። የመጀመሪያ ቀን በአስተርጓሚ ያስነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሌላውን ሁሉ ብትሰብሪ ግዴለም፤ እነዚህን ግን አደራ።» እንዲህ ካሉኝ ወዲያ ሌላውን መስበር አቆምኩ። እነዚያን አቧራ ስጠርግ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ከሸክላዎቹ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ድምፃቸው ነው። ለዛሬ ልጆች ይኼን ማስረዳት ያቅተኛል። እኛ ቃል የሌለውን ከባድ ሙዚቃ የምናውቀው ከሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ዝም ብሎ አያሰማውም። የተለመደው ዝግጅት ሳይነገር ይቋረጥና ያ የቫዮሊን ድምፅ ይለቀቃል። ያን ጊዜ ሁሉም ያውቃል፤ አንድ ትልቅ ሰው ሞቷል፣ ወይም ወርዷል፣ ወይም ስማቸው የሚነበብ ሰዎች አሉ። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ በር ይዘጋል፣ ጋዝና ጨው ያለው ይቆጥባል። ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ባለ ቀን «ምን እንደሆነ ሰምቼ ልምጣ» ብሎ ወጥቶ ነው የቀረው። ስለዚህ ባለሙያው ከሥራ መልስ ሸክላ ሲያጫውቱ፣ እኔ ኩሽና ውስጥ ሳህን ይዤ እግሬ ይርዳል። እሳቸው ደግሞ ሳሎን ሆነው ሻያቸውን ይጠጣሉ። እንዴት ያለ ልብ ቢሰጣቸው ነው እያልኩ እገረም ነበር።

መንግሥት ሊለወጥ ሲል ሰውየው በጥድፊያ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሸክላዎቹን ጠቅልለው የገዙት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው ውጭ አገር ሄደው የድምፅ ቴክኒክ የተማሩ፣ ዋናው መንገድ ዳር ካሴት ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። ሸክላዎቹን ሊረከቡ መጥተው ሳወጣላቸው ያዩኛል። እያንዳንዷን ጠርዟን በሁለት መዳፌ ይዤ፣ ቀጥ አድርጌ ነው የማወጣው።

«እንደዚህ መያዝ ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ማንም። ፈርቼ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። «እኔ ሱቅ የነበሩት ልጆች አይፈሩም። ስንቷን ጫሩብኝ! ፈሪ ነው የምፈልገው፤ ነገ ነይ።»

ደመወዙ ያው የካሴት ቤት ደመወዝ ነው፤ ኪራይና ሽሮ ይችላል። ሥራው ግን ሌላ ዓለም ነበር። ፊት ለፊቱ ክፍል ዘፈን ይሸጣል፤ ያ ነው ሱቁን የሚያኖረው። ጓዳው ውስጥ ደግሞ በሩን በብርድ ልብስ ለብጠን፣ ከሸክላ ወደ ካሴት ክላሲካል እንገለብጣለን። ደንበኞቹ ጥቂት ናቸው፤ ውጭ ተምረው የመጡ፣ የሙዚቃ አስተማሪዎች፣ አንዳንድ ዝምተኛ ሰዎች። ሲገቡ ግራ ቀኝ አይተው ነው፤ የተከለከለ ዕቃ የሚገዙ ይመስላሉ።

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሸክላ አይነኩም፤ ምሳ ሊበሉ እንኳ እንደዚያ አይታጠቡም። አዲስ የመጣችውን መጀመሪያ ያሸቷታል፤ ሻጋታ በአፍንጫ ይታወቃል። ከዚያ መስኮት ዳር ወስደው ወደ ብርሃኑ ያጋድሏታል፤ ጭረት ፊት ለፊት ቢያዩት አይገኝም። መርፌውንም መጀመሪያዋ ላይ ሳይሆን መጨረሻዋ ላይ ያሳርፋሉ። ክቡ ወደ መሐል ሲጠብ ነው ድምፅ የሚበላሸው፤ እዚያ ንጹሕ የሆነች ሌላ ቦታ አታሳፍርም። መጥፎ ሸክላ ብለው ግን አያውቁም። «ይቺ ደክሟታል» ነው የሚሉት። የደከማትን ለብ ባለ ውሃና በአንዲት ጠብታ ሳሙና፣ መሐሏ ያለው ወረቀት እንዳይርስ በመዳፍ ሸፍነን፣ በለስላሳ ጨርቅ በመስመሯ አቅጣጫ እናጥባታለን። የምናደርቃት በጥላ ነው። ፀሐይ ያየች ሸክላ ጠርዟ ይነሳና መርፌው እንደ ጀልባ ይወጣል ይወርዳል።

ስለ ካሴቱም ልንገራችሁ። ደንበኛ መቆጠብ ይወዳልና ረጅሙን፣ ባለ ዘጠና ደቂቃውን ካሴት ይጠይቃል። የዚያ ጥብጣቡ ስስ ነው፤ ቴፕ ይበላዋል። ባለ ስልሳው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሙዚቃው ሳያልቅ ገጹ ያልቃል። ጋሽ ደምሴ ባለ ስልሳውን ይይዙና ሙዚቃው የት እንደሚተነፍስ ይፈልጋሉ። ሁሉም ተጫዋች አየር የሚስብበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ እኔ ቴፑን አቆማለሁ። ያቺን ትንፋሽ ከሳትናት ሙዚቃው መሐል ወገቡ ይቆረጣል። ሁለታችንም ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን፣ እኔ የእሳቸውን ጣት እያየሁ፣ ስንቱን ቀን እንደዚያ አሳለፍን።

የውጭ ፊደል ስለማላነብ ለሸክላዎቹ ስም አወጣሁላቸው። አንዷ ዝናቧ ናት፤ ፒያኖ ብቻ። አንዷ ልጅ ማስተኛዋ ናት። አንዷ ደግሞ እርምጃዋ፤ ዝቅ ካለው የቼሎ ድምፅ ተነስታ ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ሰማያዊ ልባስ ያላት። የማይታወቁ የአንድ ትንሽ ከተማ ሰዎች ናቸው የተጫወቷት። ጋሽ ደምሴ የዚያኑ ሙዚቃ ውድ እትምም ነበራቸው፤ በውዱ ሁሉም ነገር የተወለወለ ነው። በርካሿ ግን አንዱ ተጫዋች ወንበሩ ሲያቃስት ይሰማል። ሰው እንዳለበት ታውቃላችሁ። ብታገኟት እሷን ግዙ።

ቀስ በቀስ ፍርሃቱ ከእግሬ ወጣ። አንድ ቀን ዝናቧን ሰምቼ ስጨርስ ሳላስበው ስቅስቅ እያልኩ ነበር፤ ወንድሜን አስቤ አለቀስኩ፤ ግን አልራድኩም። ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው።

«አንቺ ለምደሽዋል» አሉኝ። «መንገዱ ግን አልለመደውም። እሱን አትርሺ።»

ይኼን ያሉት ስለ ድምፅ ማጉያው ነው። እንደ ካሴት ቤት ሁሉ ከበራችን በላይ ጡሩምባ የሚመስል ድምፅ ማጉያ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ይለቃል። የቃል ዘፈን ብቻ። ክላሲካል ሊገለብጡ ሲነሱ ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ የውጭውን ሽቦ ይነቅሉና እንዳይረሱት አንገታቸው ላይ ይጠመጥሙታል። ሽቦ እንደ ማተብ አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው ብታዩ እሳቸው ናቸው።

ጎረቤታችን ዘይነባ ነበረች፤ ከስልጤ አገር የመጣች፣ የላምባ ጋዝና ምስር የምትሸጥ፣ ሳቂታ። ባሏ ለንግድ እየተመላለሰ ብዙም አይገኝም። ፎዚያ የምትባል አንድ ልጅ አለቻት፤ ያኔ ገና ትምህርት ቤት የገባች፣ ጥርሷ ፊት ለፊቱ ወልቆ ስትስቅ በር የተከፈተ የሚመስል። ጓዳው በር ሲከፈት ሙዚቃው ትንሽ ካመለጠ ዘይነባ ከሱቋ ሆና ትጮኻለች፤

«እትዬ አስካለ! ዛሬስ ማን ሞተባችሁ?»

«ሥራሽን ሥሪ፣ ምስርሽን ነቀዝ በላው!» እላታለሁ።

«ነቀዙም ይኼን ሰምቶ ሞተ!»

እንዲህ ስንባባል ነው የምንውለው። ግን ስትስቅም አንድ ጆሮዋ ወደ መንገዱ እንደነበረ አሁን ሳስበው ይገባኛል። መንግሥት ከተለወጠ ዓመት አልሞላውም። የጥይት መጋዘኑ ፈንድቶ ሰፈራችንን ያናወጠው ድምፅ ገና ከጆሯችን አልወጣም። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ እናቶች ልጅ አንስተው የሚሮጡበት ጊዜ ነበር።

ያን ዕለት ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ጋሽ ደምሴ የተነቀለውን ሁሉ መልሰው ሰካኩ። አንድ አስተማሪ እርምጃዋን ለማግሥቱ ፈልጎ ነበርና በጥድፊያ ጓዳ ገባን፣ በሩን ዘጋን፣ ማዳመጫችንን አደረግን። ሸክላዋ ከዳር እስከ መሐል ዞረች። ጋሽ ደምሴ እንደወትሮው ጣታቸውን አነሱ፣ እኔም ቴፑን አቆምኩ። ካሴቱን ገልብጠን፣ ሸክላዋን ገልብጠን፣ እንደገና አስጀመርን። በኋላ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበርና ማዳመጫዬን አውልቄ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ሰው የለም።

ጥቂት ሰው አለ ማለቴ አይደለም፤ የለም። ታክሲዎቹ የሉም። ሱቁ ሁሉ ቆርቆሮውን አውርዷል። ፀጉር ቤቱ ደጅ ያለው ወንበር ላይ ነጩ ጨርቅ ብቻ ተጥሏል። አስፋልቱ መሐል የአንዲት ሴት ጫማ ወድቋል። የዘይነባ ሱቅ በሩ ብርግድ ብሎ፣ የጋዝ በርሜሏ ቧንቧ ሳይዘጋ እየተንጠባጠበ ነው። በዚያ ሁሉ ላይ ከሰማይ የሚወርድ በሚመስል ድምፅ ያ ከባድ ሙዚቃ መንገዱን ሞልቶታል።

ውሃውን ትቼ ወደ ጓዳ ተመልሼ ሮጥኩ።

«ጋሽ ደምሴ! ጋሽ ደምሴ! መንግሥት ወደቀ!»

ማዳመጫቸውን አነሱ። «ማን አለ?»

«ሬዲዮው ነዋ! ሙዚቃ ለቋል! መንገዱ ጭር ብሏል!»

ብድግ አሉ። እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ፤ ሽቦው የለም። ፊታቸው አመድ ሲሆን አየሁት።

«አስካለ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። «ያ ሬዲዮ እኛ ነን።»

ሮጠው ሽቦውን መነጨቁት። ዝም ሲል ደግሞ ባሰ። እንደ ልማዱ ከሙዚቃው ቀጥሎ የሚመጣው መግለጫ ነውና፣ ገርበብ ብሎ የነበረ አንድ የማዶ መስኮትም ተዘጋ። ይኼኔ ነው ዘይነባ ከታች በኩል እየሮጠች የመጣችው፤ ሻርፗ ወልቆ፣ ባዶ እግሯን።

«ፎዚያን አያችኋት? ወላሂ ፎዚያ የለችም! ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ለቋል። ሁሉም ያገኘውን ልጅ እየያዘ ሮጠ። የእኔዋ የለችም!»

ከትምህርት ቤቱ ወዲህ ዋናው መንገድ አለ፤ ደንግጠው የሚበሩ የጭነት መኪናዎች አሉበት። ከታች ወንዝ አለ። ሦስታችንም ስለ ሁለቱ እያሰብን አንዳችንም ስማቸውን አልጠራንም።

ጋሽ ደምሴ ሸክላዋን አቁመው፣ ሽቦውን መልሰው ሰኩና ማስታወቂያ የምንናገርበትን ማይክሮፎን አነሱ። ያን ጊዜ ያደረጉት የሚችሉትን ነው፤ ግን ድምፃቸው ጎርናና ነው፣ አማርኛቸውም የተማረ ሰው አማርኛ ነው።

«የተከበራችሁ የአካባቢው ነዋሪዎች» አሉ። «ምንም ዓይነት የተፈጠረ ነገር የለም። ሁላችሁም እንድትረጋጉ እናሳስባለን።»

ማዶ ያለው ግቢ ውስጥ ከባድ ነገር በር ላይ ሲገፋ ሰማን፤ ቁም ሣጥን ይመስለኛል።

«ኧረ ዝም ይበሉ ጋሼ!» ብላ ዘይነባ ክንዳቸውን ያዘች። «እንዲህ እያሉ አይደል እንዴ ሁልጊዜ! መቼ ነው ምንም ሳይፈጠር ተረጋጉ የተባልነው?»

በዚያው አንድ ታጋይ ጠመንጃውን አቀባብሎ ደረሰ። ልጅ እግር ነው፤ ያለከልካል። እሱም ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሰው ጣት አይታችሁ ታውቃላችሁ።

«ማን ነው ሬዲዮ የከፈተ?»

ጋሽ ደምሴ በአንድ እጃቸው ሰማያዊውን ልባስ ከፍ አድርገው አሳዩት። «ሬዲዮ አይደለም። ሸክላ ነው፣ ሙዚቃ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ቃል የለውም።»

ቃል የለውም መባሉ ይበልጥ አስጠረጠረው። ልባሱን ተቀብሎ ገለባብጦ አየ፤ እንደ እኔው ማንበብ እንዳልቻለ ከዓይኑ አወቅሁ። «ቀበሌ ሄደህ ታስረዳለህ፤ ቅደም» አላቸው። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ከፍ እንዳደረጉ ወጡ። ዞረው አዩኝና ከንፈራቸው «ልጅቷን» አለ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም።

እኔና ዘይነባ ቀረን። እሷ ልትሮጥ ትነሳለች፤ ወዴት እንደምትሮጥ አታውቅም፤ ትመለሳለች። ማይክሮፎኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ያን ነገር ነክቼው አላውቅም፤ ኤሌክትሪክ የሚይዘኝ ይመስለኝ ነበር። በቀሚሴ ጫፍ ይዤ አነሳሁት።

«ፎዚያ» አልኩ። የገዛ ድምፄ ከሰማይ ሲመጣብኝ ልጥለው ነበር። «ፎዚያዬ፣ እኔ ነኝ፤ የካሴት ቤቷ እትዬ አስካለ። እናትሽ እዚህ አጠገቤ ናት፤ አልቆጣሽም ብላለች። ያለሽበት ሆነሽ ትልልቆቹን አምጡኝ በያቸው። ማንም አልሞተም። ጋሽ ደምሴ ሽቦ ረስተው ነው፤ ሽቦ! የሰው ልጅ አቅፋችሁ የተቀመጣችሁ እናቶች፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ አሁን በሩን ክፈቱ። ባለ ፀጉር ቤት፣ ደንበኛህ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ነው የሄደው፤ ፈልገው። አንዲት ጫማም መንገድ ላይ ቀርታለች፤ ቡኒ ናት፣ የግራዋ፣ መኪና ሳይረግጣት ትምጣና ትውሰዳት። የዘይነባ ጋዝም እየፈሰሰ ነው፤ ኧረ እስኪ አንድ ሰው ይዝጋላት፣ እሷ እጇ አልያዝ ብሏታል...»

ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ ዝም ካልኩ የምፈራ ስለመሰለኝ ዝም አላልኩም። ከዚያ ከአንዱ አጥር ጀርባ የሰው ሳቅ ሰማሁ። ፀጉር ቤቱ ተከፈተ። ማዶ ያለው ግቢ ቁም ሣጥኑን ወደ ኋላ ጎተተው። መግለጫ የሚያነብ ሰው ስለ ግራ ጫማ አያወራም እንግዲህ። በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ከየበሩም የማያውቁት ሰው ቤት የተደበቁ ልጆች ወጡ፤ አንዳንዱ ዳቦ ይዞ፣ አንዳንዱ እያለቀሰ። ዘይነባ የእያንዳንዱን አገጭ ቀና እያደረገች ፊቱን አየች።

ፎዚያ የለችም።

ሰው ሁሉ ፍለጋ ወጣ። ወንዙ ድረስ ወርደው ውሃውን በእንጨት የጎረጎሩ ነበሩ፤ ይኼን ዘይነባ እንዳታይ ሁለት ሴቶች ሱቋ ውስጥ ይዘዋታል። እኔ ማይክሮፎኑን አልለቀቅኩም። ስሟን ስጠራ ስጠራ ድምፄ ሰለለ። የልጅቷን ቀሚስ ቀለም ስናገር፣ ይኼ የሬሳ ምልክት ይሆን ይሆን እላለሁ። ዘይነባ አንዴ ከሴቶቹ አምልጣ መጣችና ፊቴ ቆመች። አልተሳደበችም። ቀና ብላ ያን ጡሩምባ ብቻ አየችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከፉሪ በኩል የመጣ የታክሲ ረዳት «የጠፋች ልጅ አለች የተባለው እዚህ ነው?» ብሎ ገባ። አንዲት ሴት የራሷን ልጅ ልትወስድ ትምህርት ቤት ደርሳ፣ ብቻዋን ቆማ የምታለቅስ ሌላ ልጅ ስታይ እጇን ይዛት ፉሪ ድረስ ሸሽታለች። ልታድናት ነው። ቤቷ አስገብታ፣ የሁለቱንም ልጆች ጆሮ በጥጥ ደፍና፣ አልጋ ሥር አስተኝታቸዋለች። ወሬው በታክሲ ሲደርስ ነው በሩን የከፈተችው። ፎዚያ ጥጡ ጆሮዋ ውስጥ እንዳለ ነው የመጣችው። እናቷ ስትጠራት አልሰማቻትም፤ ስታያት ነው የሮጠችው።

ጋሽ ደምሴን በማግሥቱ ለቀቋቸው። ተቆጥተዋቸው፣ አስፈርመዋቸው፤ ክፉ አልነኳቸውም። እንደመጡ መሰላል አቁመው ድምፅ ማጉያውን ራሳቸው አወረዱት። ካሴት ቤት ያለ ድምፅ ማጉያ እንደማይሸጥ አጥተውት አይደለም። ከዚያ ወዲያ ጓዳው ተዘጋ። እጃቸውን ታጥበው ሸክላ ሲያነሱ አላይም። «በስንት ዘመኔ የሠራሁት ይኼ ነው» ይሉኛል፤ «አንዲት ሕፃን አልጋ ሥር መክተት።»

ፎዚያ ከእናቷ ቀሚስ አልላቀቅ አለች። ትምህርት ቤት ስትወሰድ ትጮኻለች። የማንም ሬዲዮ ዘፈን አልቆ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሳትጠብቅ ሁለት ጣቶቿን ጆሮዋ ውስጥ ትከታለች። ዘይነባም ጨዋታዋን ተወችው። ሰላም እንባባላለን፤ ያ ብቻ ነው። ምስሯን ስሰድብባት እንኳ አትመልስልኝም ነበር። እኔም ማታ ማታ ስገባ ያ ባዶ መንገድ ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል።

እንዲህ ሆኖ ሲቆይ፣ አንድ ከሰዓት ዘይነባ ልጇን ይዛ ሱቃችን ገባች።

«ጋሼ፣ ያቺ ሸክላ አለችዎት?»

«ልሸጣት ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ። «እኔም ሁለተኛ አልሰማትም።»

«አይሽጧት። ይክፈቱልኝ።»

«ዘይነባ፣ ልጅቷ...»

«ልጅቷ የፈራችው እኔ ስፈራ አይታ ነው። ስሰማት ትየኝ።»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ምን ልበል? ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ። ጓዳ ገባን። ማዳመጫ አላደረግንም፤ በትንሹ ስፒከር፣ በዝቅተኛ ድምፅ። ዘይነባ የካሴት ሣጥን ላይ ተቀመጠች፤ ፎዚያ ጭኗ ላይ ሆና ጣቶቿን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች።

ያ ዝቅ ያለ ቼሎ ሲጀምር የዘይነባ ፊት በላብ ተጠመቀ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። እጇ የልጇን ቀሚስ ጨምድዶ ይዟል። ሁለት ጊዜ ልትነሳ ወገቧ ተንቀሳቀሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሷን መልሳ አስቀመጠች። ፎዚያ ማጫወቻውን አላየችም፤ የእናቷን ፊት ብቻ ነው የምታየው፣ ዓይኗን ሳትነቅል። እኔ ቆሜ፣ ምን አደረግን፣ ልጅቷን ጨርሰን አበላሸናት እላለሁ በሆዴ። ገጹ አለቀ። መርፌው ባዶውን መስመር እየዞረ መፋጨት ጀመረ።

«አለቀ?» አለች ዘይነባ።

«አለቀ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ትወጣለች ብዬ መንገድ ለቀቅሁላት። አልተነሳችም።

«ይድገሙልኝ» አለች። «ገና ነኝ። ፈርቼ ልጨርስ።»

ጋሽ ደምሴ መርፌውን አንስተው ወደ ጠርዟ መለሱት። ቼሎው እንደገና ከሥር ተነሳ። ዘይነባ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ጊዜ ፎዚያ ጣቶቿን ከራሷ ጆሮ አወጣችና፣ ጭኗ ላይ ዞራ፣ በሁለት ትንንሽ መዳፎቿ የእናቷን ጆሮ ከደነች።